ነግሬያለሁ

ዓሣ ነባሪ ለማየት የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው እንስሳውን ሳይሆን እስትንፋሱን ነው። ጸጥ ካለው ውኃ ላይ እንደ ጎጆ ጢስ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ጥቂት ሰከንድ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ይበተናል። ቀጥሎ ጥቁር ጀርባ ብቅ ይላል። ዕድለኛ ለሆነ ደግሞ ጅራቱ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ሽቅብ ተዘርግቶ ይሰጥማል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ልጃችን የጋብቻችንን ሃያ አምስተኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ በገዛችልን ጉዞ፣ እኔና ባለቤቴ በደቡብ ምሥራቅ አላስካ፣ አይሲ ስትሬት በሚባለው ሰርጥ ላይ፣ በአንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ የላይኛው ደርብ ቆመን ይህንኑ ስንጠባበቅ ነበር።

ቋንቋችን ዓሣ ይበለው እንጂ ዓሣ ነባሪ እንደኛው ሳንባ ያለው፣ ልጁንም የሚያጠባ ፍጡር ነው። ከሌላው የባሕር እንስሳ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ሳንባ ስላለው ይሆናል፤ የዕለት እንጀራዬ ሳንባ ማየት ነውና። ጎባጣ የሚባለው ወገን የፈረንጆቹን ክረምት በሃዋይ ደሴቶች ዙሪያ ያሳልፋል። እዚያ ይወልዳል፤ ለወራት ግን አንዳች አይቀምስም ማለት ይቻላል። ከዚያ 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል ዋኝቶ ወደ አላስካ ቀዝቃዛ ውኃ ይመጣና በጋውን ሙሉ ሲበላ ይከርማል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት ወደ ባሕሩ ዞር ብላ «እንኳን ለጾም ፍቺው አደረሰህ» አለችው። አጠገባችን የቆሙት ፈረንጆች ምን እንዳሣቀን አልገባቸውም።

በዚያ ደርብ ላይ አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እጁን ዘርግቶ «እዚያ!» ባለ ቁጥር ወሬው በቅጽበት መርከቡን ያዳርሳል። ስለ ባሕር እንስሳት የምታስረዳው ባለሙያ የምትናገረው ከመርከቡ መሪ ክፍል፣ ከካፒቴኑ ጎን ሆና ነው፤ ድምፅዋ በየወለሉ ይሰማል። መርከቡ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አስተናጋጆች እንኳ ትሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ሐዲዱ ይጠጋሉ። ከአንድ ተራ ተሳፋሪ አፍ እስከ ካፒቴኑ ጆሮ ያለው መንገድ ለደስታ ሲሆን የተጠረገ አስፋልት ነበር።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፖይንት አዶልፈስ ከሚባለው የዳር ምድር ፊት ለፊት ባለፍንበት ጊዜ፣ ሕዝቡ ለእራት ልብሱን ሊቀይር ወርዶ ደርቡ ባዶ ሆኗል። ባለቤቴ ካሜራዋን ይዛ ቀርታለች፤ እኔም መነጽሬን። አንድ ዓሣ ነባሪ ብቻውን ሦስት ጊዜ ተነፈሰና ጅራቱን አንሥቶ ጠለቀ። ከበስተኋላው፣ ሃያ ሜትር በሚሆን ርቀት፣ ብርቱካናማ ኳስ የሚመስል ነገር ነበር። መጀመሪያ የዓሣ አጥማጆች ምልክት ነው ብዬ ናቅሁት። ነገር ግን ኳሱ ይሄዳል። ከማዕበሉ በተቃራኒ፣ ዓሣ ነባሪው በጠለቀበት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ቀጥሎ እሱም ተጎትቶ ሰጠመ። ለሸርጣን ወጥመድ ማሰሪያ የሚሆን ገመድ በእንስሳው ላይ ተጠምጥሞበታል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ገመድ ቶሎ አይገድልም። ሲዋኝ ይጎትተዋል፣ ሲበላ ያደክመዋል፣ ወደ ሥጋው እየገባ ለወራት ያሠቃየዋል።

በአካባቢው የነበረው ሠራተኛ ብርድ ልብሶችን የሚሰበስብ አንድ ወጣት ብቻ ነበር። ጠርቼ ነገርኩት። በእጄ አሳየሁት፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚታይ ነገር አልነበረም። በትሕትና ሰማኝ፤ ለሚመለከተው እንደሚናገርም ነገረኝ። አመሰገንኩት። ባለቤቴ «ነገርከው አይደል?» አለችኝ። «ነግሬዋለሁ» አልኳት። «እንግዲያው ና፣ እራት ያልፍብናል።»

ወርደን በላን። ምግቡ ጥሩ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ ነው። «ነገርኩ» እና «ነግሬያለሁ» አንድ አይደሉም። «ነገርኩ» የሆነውን ብቻ ያወራል፤ «ነግሬያለሁ» ግን ዳኛ ፊት የቆመ ሰው ቃል ነው፤ ከእንግዲህ አትጠይቁኝ የሚል ማኅተም አለበት። ያየ ሰው ዕዳ አለበት ብንል፣ ዕዳው በመንገር ይከፈላልን?

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዚያ ኬክሮስ በጁላይ ሌሊቱ አጭር ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ሳይጨልም ይነጋል። ተጋድሜ የማስበው ስለ ዓሣ ነባሪው ብቻ አልነበረም፤ ከሰባት ዓመት በፊት በሌላ ባሕር ላይ በሌላ የመዝናኛ መርከብ የሆነ ነገርም ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2012 በምሥራቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲጓዝ ከነበረ መርከብ ላይ የባሕር ወፎችን ለማየት የወጡ ሦስት ተሳፋሪዎች ጠንካራ መነጽራቸውን ደግነው ሲያስሱ በሩቅ አንዲት ትንሽ ጀልባ አዩ። በጀልባዋ ላይ አንድ ሰው ጨርቅ ያውለበልባል። ተመልካቾቹ የወፍ ነገር ትተው ይህን ለመርከቡ ሠራተኛ ነገሩ፤ ፎቶግራፍም አነሡ። መልእክቱ ወደ መሪው ክፍል የሚደርስ መሰላቸው። መርከቡ ይዞራል ብለው ጠበቁ። አልዞረም።

በፌብሩዋሪ 24 ቀን ከፓናማ ሦስት ወጣቶች «ፊፍቲ ሴንትስ» በምትባል ጀልባ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ሞተራቸው ተበላሽቶ ነበር። ማርች 22 ቀን ከጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ የኢኳዶር ዓሣ አጥማጆች ሲደርሱላቸው በሕይወት የተገኘው አንዱ፣ የ18 ዓመቱ ልጅ ብቻ ነው። ሁለቱ ባሕር ላይ አልቀዋል፤ ታናሹ 16 ዓመቱ ነበር። የተረፈው ልጅ ትልቅ ነጭ መርከብ በሩቅ ሲያልፍ አይቶ ማውለብለቡን ተናገረ። የመርከቡ ባለቤት ኩባንያ መልእክቱ ለካፒቴኑ አልደረሰም ብሎ ተጸጸተ፤ ቆይቶ ደግሞ በፎቶግራፉ ላይ የምትታየው ጀልባ ያችው አይደለችም የሚል የባለሙያ ምርመራ አቀረበ። እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። የጀልባዋ ስም ማንም ይሁን ማን፣ የታየው ነገር ከደርቡ ተነሥቶ መሪው ክፍል ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ማየታቸው ነው። የሚፈልገውን የሚያይ ሰው ሌላውን እንደማያይ በእኛ ሙያ ተፈትኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አንድ ጥናት፣ 24 የራጅ ሐኪሞች በሲቲ ስካን ምስል ላይ የሳንባ ዕባጭ እንዲፈልጉ ተደረገ። አጥኚዎቹ በምስሉ ላይ የጎሪላ ሥዕል ሸሽገው ነበር፤ ከተራ ዕባጭ 48 ጊዜ የሚበልጥ ጎሪላ! ከ24ቱ ሃያዎቹ አላዩትም። የብዙዎቹ ዓይን በቀጥታ ጎሪላው ላይ አርፎ ነበር፤ ግን አላዩትም። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው የአባቶቻችን አባባል በመሣሪያ ተለክቶ ተረጋገጠ ማለት ነው። እነዚያ ወፍ ተመልካቾች ግን ወፍ እየፈለጉ ሰው አዩ። ከእኛ ከባለሙያዎቹ በለጡ። ማየቱ ሳይሆን ከማየት በኋላ ያለው ነው የወደቀው።

እኔም የራጅ ሐኪም ነኝ። ትምህርቴን እ.ኤ.አ. በ1986 በሶቪየት ኅብረት፣ በካርኮቭ ከተማ ጀምሬ፣ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ በሌላ አገር፣ በዩክሬን ጨረስኩ፤ የቀረውን ደግሞ አሜሪካ ተምሬዋለሁ። የራጅ ሐኪም ሥራ ማየትና መናገር ነው። በሽተኛውን አይዳስስም፣ ብዙ ጊዜ ፊቱን እንኳ አያውቀውም። በጨለማ ክፍል ተቀምጦ የማያውቀውን ሰው ደረት ያያል፣ ያየውን በቃሉ ያስጽፋል፣ ይፈርማል። ከፊርማው ወዲያ ያለው የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማላነሣው ሆስፒታል፣ አንድ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ለጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ የደረት ራጅ ተነሣ። ልቡ ደህና ነው፤ ሳንባው ግን በቀኝ በኩል ከላይ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የምትሆን ጥላ ነበረችው። አየኋት። በወጣትነቴ ከኮራሁባቸው ንባቦች አንዱ ነበር፤ ከጎድን አጥንት ሥር ተደብቃ ብዙ ዓይን የሚያመልጣት ዓይነት ናት። ሲቲ ስካን እንዲነሣ አሳስቤ ፈረምኩ። ሪፖርቱ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሄደ። ቀዶ ሐኪሙ የፈለገው ሰውየው ማደንዘዣ ይችላል ወይ የሚለውን ነበርና ያንን አንብቦ ቀሪውን አለፈው። ጉልበቱ በሚገባ ዳነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያው ሰው ሲቲ ስካን እኔው ጠረጴዛ ላይ መጣ። ጥላዋ የሎሚ ያህል ሆና፣ ጉበቱ ውስጥም ዘሯን በትና ነበር። ለማነጻጸር የቀድሞውን ስከፍት የራሴን ቃል፣ የራሴን ፊርማ አገኘሁ።

ነገሩ በኮሚቴ ተመረመረ። የእኔ ሪፖርት እንከን የለሽ ተባለ። አንድ ባልደረባዬ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ «አንተ ነግረሃል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነግሬአለሁ። ሰውየው በዚያው ዓመት ሞተ። እስከ ዛሬ ድረስ ፊቱን አላውቀውም፤ የጎድን አጥንቶቹን ግን ብሥላቸው እችላለሁ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 33 በከተማዪቱ ቅጥር ላይ የቆመ ጉበኛ አለ። ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ካልነፋ የሞተው ሰው ደም ከእርሱ እጅ ይፈለጋል፤ ከነፋ ግን፣ ሰምቶ ያልተጠነቀቀው በራሱ ጥፋት ይሞታል፣ ጉበኛውም ነጻ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይህን ሳስብ ጉበኛው ዕድለኛ ይመስለኝ ነበር። መለከት አለው! መለከት ደግሞ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። የዘመናችን ጉበኛ ግን መለከት አልተሰጠውም፤ የተሰጠው ቅጽ ነው፣ መልእክት ተቀባይ ነው፣ ብርድ ልብስ የሚሰበስብ ልጅ ነው። ልጁን አልወቅስም። ስለ ዓሣ ነባሪ ማንን ሊጠይቅ፣ የትኛውን በር ሊያንኳኳ ይችላል? ካፒቴኑን ከእኔ ባነሰ ሳያውቀው አይቀርም። እኔ ግን በመርከቡ ውስጥ ሥልጣን ከሌላቸው ሰዎች ሁሉ ሥልጣን የሌለውን መርጬ ሸክሜን አወረድኩበት። የመረጥኩት ቅርብ ስለ ነበር ነው፤ እራትም ደርሶ ነበር።

ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል። በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነትን የሚመለከተው የ1974ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት አንድ ካፒቴን ሰዎች ባሕር ላይ መቸገራቸውን ከየትኛውም ምንጭ ቢሰማ በፍጥነት እንዲደርስላቸው ያዛል። ከየትኛውም ምንጭ ሲል ወፍ ተመልካቹንም ይጨምራል። ነገር ግን ግዴታው የሚጀምረው ካፒቴኑ ሲሰማ ነው። ከደርቡ እስከ ካፒቴኑ ያለውን ደረጃ ማን ይውጣው? በዚያ ደረጃ ላይ የቆመው የእያንዳንዱ ሰው ሕሊና ብቻ ነው።

ካፒቴኑ ቢሰማስ? ወደዚህ ስደርስ የራሴ ሐሳብ ይፈርስብኛል፤ ለመደበቅም አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 መጨረሻ 72 ሰዎች በላስቲክ ጀልባ ከትሪፖሊ ወደ ጣሊያን ተነሡ። 47ቱ የእኛው ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነዳጅ ሲያልቅባቸው በሳተላይት ስልክ ሮም ላሉት ኤርትራዊው ካህን ለአባ ሙሴ ዘርአይ ደወሉ፤ ካህኑም ለጣሊያን የባሕር ጠባቂዎች ነገሩ። ከሮም በዚያ አካባቢ ላሉ መርከቦች ጥሪው ተላለፈ፤ ለቀናት ተደጋገመ። አንድ ሄሊኮፕተር መጥቶ ውኃና ብስኩት ጥሎላቸው ተመለሰ። ከተረፉት እንደ ተሰማው፣ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ፊታቸው እስኪለይ ድረስ ቀርቦ ነበር፤ የሞቱትን ሕፃናት ከፍ አድርገው አሳዩት፤ ከመርከቡ ፎቶግራፍ ያነሧቸው ነበር፤ ሄደ። ጀልባዋ ኤፕሪል 10 ቀን ማዕበሉ መልሶ የሊቢያ ዳርቻ ላይ ጣላት። በመጨረሻ ዘጠኝ ሰዎች ተረፉ። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2012 ያወጣውን ምርመራ ሳነብ ያስደነገጠኝ ዝም ያለ ሰው ማጣቴ ነው። ካህኑ ነገሩ፣ ሮም ነገረች፣ ጥሪው ተመዘገበ፤ ሁሉም የነገረበትን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት አለው። ባሕሩ ላይ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ።

እኛ ስደተኞች ደግሞ የመንገር ሊቆች ነን። በየዋና ከተማው አደባባይ ፊርማ አሰባስበናል፣ ሻማ አብርተናል፣ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ጽፈናል። እኔም ተሰልፌያለሁ፤ ከዚያ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤት ጎራ ብለን ክትፎ አዝዘን «ቢያንስ ነግረናል» ተባብለናል። ይህን የምለው ሰልፍ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ከሰልፉ ይልቅ ክትፎው የቀለለኝ ለምን እንደ ሆነ ስለሚያሳስበኝ ነው።

አንድ የማከብራቸው አዛውንት ሐኪም ይህን ስነግራቸው ተቆጡኝ። «ልጄ፣ ላየኸው ጥላ ሁሉ ስልክ ብትደውል መቶኛው ላይ ስልክህን የሚያነሣ አይኖርም። ለግንድ ሁሉ ዓሣ ነባሪ ብሎ የሚጮህ ተሳፋሪ ደግሞ እውነተኛውን ያስንቃል። ሰው የአቅሙን ነግሮ መተኛት መቻል አለበት፤ አለዚያ ያብዳል» አሉ። ትክክል ናቸው። በቀን ከመቶ በላይ ምስል የሚያነብ ሰው ሁሉንም ተከትሎ መሄድ አይችልም። ይሁን እንጂ አቅም የምንለውን የምንለካው እኛው ራሳችን መሆናችን፣ መለኪያውም ብዙ ጊዜ የእራት ሰዓት መሆኑ ያጠራጥረኛል። ከዚያ በሽተኛ ወዲህ የያዝኩት አንድ ልማድ አለ፤ ሕግም ሆኖ በየሆስፒታሉ ይሠራበታል። አሳሳቢ ነገር ሳይ ለራሱ ለሐኪሙ እደውላለሁ፤ ከነገርኩት በኋላ «የነገርኩህን እባክህ መልሰህ ንገረኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል፣ እንደ ተማሪ ቆጠርከኝ ብሎ። ቃሌ ከሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ሲመጣ ግን ስንት ጊዜ ቀኙ ግራ፣ ዘጠኙ አምስት ሆኖ ሰምቼዋለሁ! ስለዚህ መንገር የሚያበቃው እኔ ተናግሬ ስጨርስ አይደለም፤ መሪውን የያዘው ሰው ቃሌን ሲመልስልኝ ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን የማምን ሰው በመርከብ ላይ ግን ረሳሁት። ነጩን ካፖርት ሳወልቅ አብሬ አውልቄው ኖሯል።

በማግሥቱ ጠዋት መርከባችን ግሌሸር ቤይ ወደሚባለው የተፈጥሮ ፓርክ ገባ። እዚያ የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው መርከቡ ላይ ይወጣሉ። የፓርኩ ዋና ቅጥር ግቢ ያለበት ባርትሌት ኮቭ ላይ የአንዲት ጎባጣ ዓሣ ነባሪ አጽም ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ነፍሰ ጡር ሳለች የመዝናኛ መርከብ ገጭቶ የገደላት ናት። ከ1975 ጀምሮ በጅራቷ ቀለም ለይተው ያውቋት ነበር። የእያንዳንዱ ዓሣ ነባሪ የጅራት ውስጠኛ ገጽ ጥቁርና ነጩ እንደ ጣት አሻራ የየራሱ ነው፤ ለእኔ ዓይን ራጅ ይመስላል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንዲት ጠባቂ ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ ጠበቅኋት። ያየሁትን ነገርኳት። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ትጠይቀኝ ጀመር። የት? በየት አቅጣጫ ይዋኝ ነበር? ገመዱ ጅራቱ ላይ ነው ወይስ አፉ ላይ? አላየሁም። ባለቤቴ ካሜራዋን አምጥታ ጅራቱ ሽቅብ የተነሣበትን ምስል አሳየቻት፤ ከጥግ ላይ ብርቱካናማዋ ነጥብ ትታያለች። ጠባቂዋ ምስሉን አጉልታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ እኔ ጥላ ስመረምር እንደማደርገው ራሷን ዘንበል አድርጋ።

«ለማን ነገሩ?» አለችኝ።

«ለአንድ ልጅ።»

«ስሙን ያውቁታል?»

አላውቀውም ነበር። አልጠየቅሁትም።

ሬዲዮዋን ከወገቧ አውጥታ ተናገረች። ከወዲያ ያለው ሰው ቃሏን አንድ በአንድ መለሰላት፤ ቦታውን፣ አቅጣጫውን፣ ከዚያ «ቀይ ተንሳፋፊ» አለ። «ብርቱካናማ» ብላ አረመችው። «ብርቱካናማ» አለ። ቀጥሎ ሰዓቱን ጠየቃት፤ እሷም ወደ እኔ ዞረች።

«ትናንት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል።»

የእጅ ሰዓቷን አየች። አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ምንም አላለችኝም፤ ጻፈችው።